በቡልጋሪያ የተሰነጠቀው ከበሮ

የጡረታ ደብተሬ ላይ «የሥራ መደብ» ከሚለው ፊት ለፊት «ጥበቃ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ በሕይወቴ አንድም በር ጠብቄ አላውቅም። ሐዋሳ ላይ በኪነት ቡድን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ከበሮ ስሠራ፣ ከበሮ ስጠግንና ከበሮ ስመታ ነው የኖርኩት። በቀደም መሃል ከተማ ቢሮ ስሄድ አንዲት ጸሐፊ ደብተሬን አየችና «አባባ፣ የት ነበር የሚጠብቁት?» አለችኝ። ከበሮ መቺ ነበርኩ ብላት ሳቀች። የሚያስቅ ነገር አልነገርኳትም። ቤቴ ገብቼ ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። «ጥበቃ» የሚለው ቃል እንዴት እዚያ እንደገባ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝና።

የተወለድኩት ከቱላ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ ከቆዳ ፋቂ ቤት ነው። ዛሬ ይህን በቀላሉ እጽፈዋለሁ። ያኔ ፋቂ ማለት ሰው ቤቱ የማይገባበት፣ ሰው አብሮት የማይበላ፣ ማንም ሴት ልጁን የማይድርለት ነበር። ቆዳችንን ይፈልጉታል፣ እጃችንን አይነኩም። አብዮቱ መጣና ሰው ሁሉ እኩል ነው ተባለ። ስብሰባ ላይ አስቁመውን አጨበጨቡልን። ስብሰባው አልቆ ምሳ ሲቀርብ ግን እንደ ድሮው ጥግ ይዘን ለብቻችን በላን። ያጨበጨቡልን እጆች ናቸው ሌላ ትሪ ዙሪያ የተሰበሰቡት።

ወደ ኪነት ቡድኑ ያስገቡኝ ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው። እሳቸውም የፋቂ ልጅ ነበሩ፤ አምሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ጸሎተኛ ሰው። ቡድኑ ሲቋቋም ከበሮ የሚሠራ ሰው ሲፈለግ እሳቸው ተገኙ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን አስመጡ። ፊደል አላውቅም፤ አንድ ሥራ ግን አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ቆዳ መፋቅ። ጋሽ ዳንጊሶ የመጀመሪያውን ቆዳዬን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ይኼ ለጫማ ይሆናል» ብለው ወረወሩልኝ።

ጋሽ ዳንጊሶ ሲያስተምሩ ብዙ አይናገሩም። ጠዋት ዕቃ ቤቱን ሲከፍቱ፣ ለሰው ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ከበሮዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው አንጓ ነካ ያደርጋሉ፤ ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። ከዚያ ነው ወደ እኔ ዞረው «እንዴት አደርክ?» የሚሉት። አንድ ቀን ተናድጄ፣

«ጋሼ፣ ከእኔ ከበሮው ይበልጣል?» አልኳቸው።

«አንተማ ካመመህ ትናገራለህ።»

ቆዳ የሚመርጡት ራሳቸው ቄራ ሄደው ነው። ቆዳውን በአመድ ውኃ ይዘፈዝፉታል፤ ፀጉሩ በጣት ሲነቀል አውጥተው ይፍቁታል። ሲፋቅ ዋናው ነገር የጀርባው መስመር ነው። ከብቱ አከርካሪ ላይ ያለው ቆዳ ወፍራም ነው። ካላሳሳኸው ድምፁን ያፍነዋል፤ አብዝተህ ካሳሳኸው በኋላ ተሰንጥቆ ይከዳሃል። ያንን መስመር ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ይለኩታል። እርጥቡን ቆዳ በተቦረቦረ የዋንዛ ግንድ በትልቁም በትንሹም ፊት ወጥረው በጠፍር ያስሩታል፤ በጠፍሩና በእንጨቱ መካከል ትንንሽ ሽብልቆች ያስገባሉ። ሽብልቁን ስትመታው ቆዳው ይወጠራል፣ ስትነቅለው ይላላል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ ቆዳ ሁሉ ይልፈሰፈሳል። ስለዚህ ከትርኢት በፊት ከበሮውን እሳት ዳር ማሞቅ የግድ ነው።

በዚህ ጉዳይ የማይለወጥ ሕግ ነበራቸው። ከበሮ ሲሞቅ እጅ ከቆዳው ላይ አይነሳም። ሰው ቢጠራህ፣ ኃላፊ ቢመጣ፣ ዝናብ ቢዘንብ አይነሳም።

«እጅህን ሲያቃጥልህ እሱንም አቃጥሎታል» ይሉኝ ነበር። «እጅህን ካነሳህ በምን ታውቃለህ?»

ምሳ ሰዓት ላይ ተወዛዋዦቹ አዳራሹ ውስጥ ይበላሉ፤ እኛ ሁለታችን ዕቃ ቤት። ማንም አላባረረንም። ማንም አልጠራንም። እኔን ያቃጥለኝ ነበር። ጋሽ ዳንጊሶ ቂጣቸውን ቆርሰው «ለብቻ ሲበሉ ድርሻ ይበዛል፤ ብላ» ይሉና ይስቃሉ። እኔ አልስቅም ነበር።

ሁለተኛው ኃላፊያችን ጓድ ምንዳዬ ሲመጣ ነገር ተለወጠ። ጥሩ ልብስ የሚለብስ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ከጭፈራው ይልቅ መፈክሩን የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ቡድኑን ሰብስቦ፣ በቡልጋሪያ የባህል ጭፈራ በዓል እንዳለና የእኛ ቡድን እንደተመረጠ ነገረን። ሰው ጮኸ፣ ተቃቀፈ። እኔን ማንም አላቀፈኝም፤ ግን ጮህኩ።

በማግስቱ ጓድ ምንዳዬ ዕቃ ቤት መጣ። ጋሽ ዳንጊሶ ቄራ ሄደው ነበር።

«ስማ፣ ጓድ ቃያሞ። ሽማግሌው ጴንጤ ነው። መፈክር ሲሰማ ግራ እጁን አያነሳም። ወዳጅ አገር ወስጄው ልዋረድ? አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያለ እሱ ከበሮው ይሠራል?»

«ይሠራል፣ ጓድ» አልኩት።

«አይሠራም» ብል ኖሮ ምናልባት ይወስዷቸው ነበር። ምናልባትም ሁለታችንንም ይተዉን ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩት አውሮፕላን ብቻ ነው።

ልንሄድ ስንል ጋሽ ዳንጊሶ የራሳቸውን ጋቢ አመጡና ትልቁን ከበሮ ጠቀለሉበት። እሳቸው እንደሚቀሩ ተነግሯቸው ነበር። «ብርድ አገር ነው አሉ። አትግለጠው» ብቻ አሉኝ። ዓይናቸውን ማየት ስላልቻልኩ የጋቢውን ጥለት አየሁ።

ቡልጋሪያ የሄድነው የእነሱ ብርድ ሲጀምር ነው። ከተማዋ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ከብዙ አገር የመጡ ጨፋሪዎች ሆቴሉን ሞልተውታል። አንድ ሸምገል ያለ የአገሩ ከበሮ መቺ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ፣ በጣቱ አንጓ ቆዳውን መታና ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። የጋሽ ዳንጊሶ ዘመድ ሊመስለኝ ምንም አልቀረው። ከዚያ አገር ሰው ሁሉ ያለ አስተርጓሚ የገባኝ እሱ ብቻ ነው።

ትርኢታችን ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት ስነሳ የባሕሩ እርጥበት ቆዳውን እንደ በሰበሰ ጨርቅ አድርጎታል። በምልክት እሳት ስጠይቅ አንዱ ሮጦ የሲጋራ ማቀጣጠያ አመጣልኝ። በመጨረሻ ከአዳራሹ ጀርባ ካለው ክፍል ግድግዳ ላይ የብረት ማሞቂያ አገኘሁ። ከበሮውን አስጠጋሁት፣ ሽብልቆቹን ጠበቅ አድርጌ መታሁና እጄን ቆዳው ላይ ጫንኩ። ቀስ በቀስ ድምፁ መጣ። ደስ አለኝ። ያለ እሳቸውም ይሠራል አልኩ በልቤ።

ምሳ ተባለ። ጓድ ምንዳዬ ራሱ መጣ።

«ሁሉም ሰው አንድ ገበታ ላይ! አስተናጋጆቻችን እያዩን ነው፤ ማንም ጥግ እንዳይቀመጥ!»

«ከበሮው እየሞቀ ነው፣ ጓድ።»

«ከበሮው አይበላም፤ ተነስ!»

እጄን አነሳሁ። አምስት ደቂቃ ቀምሼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

ረጅሙ ገበታ ላይ ክፍት ቦታ የነበረው ከአማረች ጎን ነው። አማረች ከተወዛዋዦቹ ሁሉ ቀልጣፋዋ፣ ምላሷም እንደ እግሯ የፈጠነ ልጅ ነበረች። ሹካውን እንዴት እንደምይዘው ቸግሮኝ ሳገላብጥ አየችኝ። ዳቦ ቆረሰች፣ ሥጋ ጠቀለለችበትና እጇን ዘረጋች።

«አፍህን ክፈት።»

«ለእኔ?»

«ለማን መሰለህ? ለግድግዳው?»

«ፋቂ ነኝ እኮ።» ሞኝ ነኝ፤ እንደማታውቅ ሁሉ ነገርኳት።

«እዚህ አገር ሁላችንም ጥቁር ነን። ክፈት፣ እጄ ደከመ!»

ጎረስኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ከሌላ ወገን ሰው እጅ የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ወጉ ደገመችኝ፣ ሠለሰችኝ። ይህን ያዩት ደግሞ ከወዲያ ማዶ ተነስተው «እኛስ?» ብለው ያጎርሱኝ ጀመር። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሾርባው ነው አልኳቸው። ሾርባው ቅንጣት በርበሬ አልነበረውም። አምስቱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነ። ተነስ ያለኝ የለም፤ ቢሉኝም አልነሳም ነበር።

ስመለስ ክፍሉ እንደ ምድጃ ግሏል። የትልቁ ፊት ቆዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ ሁለቱ ከንፈሮቹ ወደ ላይ ተገልብጠዋል። እጄን ጫንኩበት። የሚረባ ይመስል።

ትርኢቱ አንድ ሰዓት አልቀረውም። የምናቀርበው ፋሮ የሲዳማ ወጣቶች ጭፈራ ነው፤ በገጠራችን በጉሮሮና በእግር ይጨፈራል፤ ከበሮውን የጨመርነው ለመድረክ ነው። ለወራት ስንለማመድ ግን ሁለቱ ረድፎች የሚዞሩት በትልቁ ከበሮ ሦስት ምት ነበር። በትንሹ ፊት መታሁ። ድምፁ እንደ ጣሳ ነው። የፊተኛው ረድፍ ዞረ፣ የኋለኛው አልሰማም። ተጋጩ። አማረች መሃል ላይ ቁርጭምጭሚቷ ተጠመዘዘና በጉልበቷ ወደቀች። ሕዝቡ የጭፈራው አካል መስሎት ተነስቶ አጨበጨበ። እሷ ተነስታ እስከ መጨረሻው እያነከሰች ጨፈረች። ያንን ጭብጨባ እስከ ዛሬ አልወደውም።

ጓድ ምንዳዬ ሆቴል ስንገባ ነጭ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ይህ አሻጥር ነው። አሻጥረኛ ደግሞ ስም አለው። ቆዳውን የፋቀው ማን ነው?»

«ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው። ግን እኔ …»

«የፋቀው እሱ ነው አልክ። በቃ።» ረጅም ጻፈና ሰጠኝ። «ስለ ከበሮው ነው። አሻራህን አድርግ።»

አንብብልኝ ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ምን እንደሚል ገምቻለሁ፤ ባላውቀው ይሻለኛል ብዬ ጣቴን ቀለም ነክሬ ጫንኩ። ፊደል አለማወቅ ለብዙ ነገር ይመቻል፤ ለእኔ የዚያን ቀን ተመቸኝ።

ሐዋሳ በገባን በሳምንቱ ጋሽ ዳንጊሶን ቀበሌ ጠራቸው። አምስት ቀን አቆይተው ለቀቋቸው፤ ከሥራ ግን ታገዱ። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ለዓሣ አጥማጆች መረብ ሲጠግኑ ይውሉ ነበር። እኔ የእሳቸውን ቦታ ያዝኩ። ዕቃ ቤት ስገባ ከበሮዎቹን በጣቴ አንጓ እነካለሁ፤ ጆሮዬን ግን አልለጥፍም። ምን እንደሚሉኝ ፈራሁ።

ከሁለት ወር በኋላ እግሬን እየጎተትኩ አሞራ ገደል ሄድኩ። ጋሽ ዳንጊሶ መረቡን በእግራቸው ጣት ወጥረው ይቋጥራሉ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ቀበሌ ወረቀት አሳዩኝ። ከታች የአንተ ጣት አለ አሉኝ። ወረቀቱ ምን ይላል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ጣትህን ያሳረፍክበትን አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው አውቀህ ና።» ወደ መረባቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ እዚያ የሌለሁ ያህል ነበር።

መሠረተ ትምህርት የገባሁት ለዚህ ነው። በአዋጅም በመፈክርም አልነበረም። በቀበሌያችን ከሥራ በኋላ ከሚያስተምሩት አንዷ አማረች ነበረች፤ እግሯ ገና አልዳነም፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታስተምራለች። እርሳሱን እንደ መፋቂያ ጨብጬ ስጫነው ወረቀቱ ይቀደዳል።

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀት ነው፣ ቆዳ አይደለም! ፀጉሩን ልትነቅልለት ነው?»

ክፍሉ ይስቃል። ባል ሞቶባቸው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ እናት ሳይቀሩ ቀድመውኝ አለፉ። ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። እስክደርስ ድረስ ስንት ጊዜ ልተወው እንደፈለግሁ እግዜር ይወቀው።

በዚህ መሃል ጓድ ምንዳዬ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረና አዲስ ኃላፊ መጣ። ቢሮው ሲቀየር መደርደሪያዎቹን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የቡልጋሪያው ጉዞ ፋይል ውስጥ ወረቀቷን አገኘኋት፤ በጣት አሻራዬ ለየኋት። ቆሜ፣ ፊደል በፊደል፣ ላብ እያጠመቀኝ አነበብኩ። «ከበሮውን ሆን ብሎ በሚሰነጠቅ መንገድ የሠራው ዳንጊሶ መሆኑን አውቃለሁ፤ አረጋግጣለሁ።» አውቃለሁ ይላል። እኔን።

በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል ደረስኩ። አጥማጆቹ ዓሣ እያጸዱ ነው፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች አንጀት እስኪወረወርላቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ጋሽ ዳንጊሶ ፊት ቆሜ ወረቀቱ የሚለውን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ጓድ ምንዳዬ መጀመሪያ ዕቃ ቤት መጥቶ የጠየቀኝንና የመለስኩለትንም ጨመርኩ። እሱን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

አንድ ቋጠሮ ጠበቅ አደረጉ። ከዚያ፣

«በየት በኩል ነው የተሰነጠቀው?»

«ምን አሉ?»

«ቆዳው። በየት በኩል ተሰነጠቀ?»

«በጀርባው መስመር፣ ጋሼ። ከጫፍ እስከ ጫፍ።»

መረቡን አስቀመጡት። «አወቅሁት» አሉና አውራ ጣታቸውን ገልብጠው አዩ። «መስመሩን አብዝቼ አሳስቼዋለሁ ብዬ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው እንቅልፍ አጣሁ። አውራ ጣቴ አረጀ ብዬ …»

«አይደለም!» ጮህኩ፤ አጥማጆቹ ዞር አሉ። «የእርስዎ ጣት ምንም አልሆነም። ብረት ማሞቂያ ላይ ትቼው ሄድኩ። እጄን አነሳሁ።»

«ለምን አነሳህ?»

«ምሳ ተባለ። አማረች አጎረሰችኝ። ሌሎቹም አጎረሱኝ። አልተነሳሁም።»

አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ይስቃሉ።

«ለጉርሻ?»

«ለጉርሻ።»

«ይጣፍጥ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ምን ይደረግ» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ከበደ። «ለእኔ በአፍህ ይበቃል። ለእነሱ ጻፍላቸው።»

በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ደብዳቤ ለአዲሱ ኃላፊ ነው። ሦስት መስመር ነበር። ከበሮውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አቶ ዳንጊሶ ጥፋት የለባቸውም፤ የፈረምኩት ሳላነብ ነው። ይዤ ስገባ ሊያስሩኝ እንደሚችሉ አውቅ ነበር፤ ተጨማሪ ሸሚዝ ደርቤ ነው የሄድኩት።

ኃላፊው አነበበና፣

«ማን ጻፈልህ?» አለኝ።

«እኔ።»

«ፊደሉ ያስታውቃል።» ደብዳቤውን አጣጠፈው። «ሽማግሌው ይመለሱ። አንተን ግን ሳልቀጣ ብተው እኔ እጠየቃለሁ። የሥራ መደብህ ከዛሬ ጀምሮ ጥበቃ ነው። ከበሮህን ግን ሥራ።»

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኃላፊ አለፈ፣ መንግሥትም ተለወጠ፤ ያንን ቃል ለማስተካከል ማመልከቻ ይዤ ያልሄድኩበት ቢሮ የለም። ሁሉም «ይታያል» ይላል። አላዩም። ደመወዜም እንደ ጥበቃ ሆኖ ቀረ። የሚያናድደኝ አሁንም ያናድደኛል፤ አልዋሽም።

ጋሽ ዳንጊሶ ግን ተመለሱ። ጠዋት ዕቃ ቤቱን ከፈቱ፣ ከበሮዎቹን አንድ በአንድ ነኩ፣ አዳመጡ። ከዚያ ዞረው «እንዴት አደርክ?» አሉኝ። ለዚያች «እንዴት አደርክ» ስል አሥር ጊዜ ጥበቃ ብሆን ምን ገዶኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሄድን፤ አዲሱ ኃላፊ ጋሽ ዳንጊሶን ስም ዝርዝሩ ውስጥ አስገባቸው። መፈክር ሲጮህ እጃቸው ከከበሮው ላይ ነበር፤ ማንም አንሳ አላላቸውም። ምሳ ሲባል እሳቸው ማሞቂያው ዘንድ ቆመው ቀሩ። እኔና አማረች ሳህን ይዘን ሄድንና አንድ እጃቸው ቆዳው ላይ እንዳለ በተራ አጎረስናቸው። የዚያን ቀን ሁለቱ ረድፎች በሦስቱ ምት እንደ አንድ ሰው ዞሩ። ጭብጨባውን ወደድኩት።

አማረችን ሽማግሌ ሆነው የጠየቁልኝ እሳቸው ናቸው። አባቷ ሁለት ጊዜ መለሷቸው። ሦስተኛውን ጊዜ እሷ ራሷ ወጥታ «አባ፣ በእኔ እጅ ጎርሷል፤ የቀረው ምንድነው?» አለች። ጋሽ ዳንጊሶ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው አረፉ። ጋቢያቸው እኔ ዘንድ ነው።

ዛሬም በረንዳዬ ላይ ከበሮ እሠራለሁ፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሚፈልግ ሁሉ። ይህን ስጽፍ አዲስ የተወጠረ አንድ ፀሐይ ላይ አለ፤ ግራ እጄ ቆዳው ላይ ነው፣ በቀኜ እጽፋለሁ። መጋል ጀምሯል። አማረች ከውስጥ ምሳ ቀረበ ትላለች፤ ይኸው ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

«ይቀዘቅዛል እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ ሽብልቆቹን ነቅዬ ጥላ ውስጥ አስገባዋለሁ። ከዚያ እገባለሁ፤ አፌን እከፍታለሁ።